ፊልማችን አባቱ ማነው?

የሀገራችን የመጀመሪያው ረጅም የትረካ ፊልም ነው የሚባለው በ1957 ዓ.ም. ሲታይ ርእሱ «ሂሩት አባቷ ማነው?» የሚል ጥያቄ ነበር። ድርሰቱ የኢላላ ኢብሳ፣ ዝግጅቱ ደግሞ የግሪካዊው የላምብሮስ ጆካሪስ ነው። ይህን ስንረዳ ሳቅን፤ ፊልሙ ራሱ እንደ ሂሩት አባቱን እየጠየቀ የተወለደ መሰለን። ከዚያ ወዲህ ስድሳ ዓመት አለፈ፤ ጥያቄው ግን አላለፈም።

አዲስ አበባ ላይ ጥያቄው የሚነሣው እንዲህ ነው። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክንና የሌሎችን አገሮች ተከታታይ ድራማ በአማርኛ ድምፅ እያለበሰ ማሳየት ሲጀምር ብዙ የፊልም ባለሙያዎች ተቆጡ፤ ባህላችን ተወረረ፣ እንጀራችን ተነጠቀ አሉ። የእንጀራው ነገር እውነት ነው፤ በዚህ አንከራከርም። አዲስ ድራማ ከመሥራት ይልቅ የተሠራውን ገዝቶ መተርጐም እጅግ ይረክሳልና። ዳሩ ግን «ባህላችን» ሲባል የማን ባህል እንደ ሆነ የጠየቀ አልሰማንም። እኛ ከነገሌ ቦረና፣ ከያቤሎ፣ ከሞያሌና ከፊልቱ ወደዚህ ዩኒቨርሲቲ የመጣን ተማሪዎች ይህን ጥያቄ በዚህ ገጽ ላይ ለማንሣት እንወዳለን።

ያደግነው በቪዲዮ ቤት ነው። ቆርቆሮ ክዳን፣ ጀርባ የሌለው አግዳሚ ወንበር፣ በር ላይ በጠመኔ የተጻፈ ሰሌዳ፤ ቀን የእንግሊዝ ኳስ፣ ማታ የህንድ ፊልም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሣል፤ ጄኔሬተሩ ሲቆም ግን ገንዘባችን አይመለስም። የህንዱ ፊልም አንዳንድ ጊዜ በሶማልኛ ተተርጉሞ ይመጣል። ሶማልኛ የሚያውቀው ጓደኛችን ወደ አፋን ኦሮሞ ይመልሰዋል፤ ሌላው ደግሞ ከዚያ ወደ አማርኛ። ጀግናው አንድ ጊዜ ሲናገር እኛ ሦስት ጊዜ እንሰማዋለን። (እኅቶቻችን ግን እዚያ ቤት አይገቡም ነበር፤ ቪዲዮ ቤት የሴት ልጅ ቦታ አይደለም ይባል ነበርና። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይሻል።)

የአማርኛ ፊልምም ይመጣ ነበር። እርሱንም ወደነው፤ መካድ አይቻልም። ነገር ግን በእኛ ዓይን የአዲስ አበባው ሳሎንና የኢስታንቡሉ ሳሎን አንድ ነበሩ። ሁለቱም ዘንድ ሶፋ አለ፣ መኪና አለ፣ ወላጅ የማይፈቅደው ፍቅር አለ፤ ሁለቱም ዘንድ ከብት የለም። ቆላው ወደ ፊልሙ የሚገባ ቢሆን እንኳ ጀግናው የሚሰደድበት በረሃ ሆኖ፣ ወይም አማርኛ እየሰባበረ የሚያስቅ ሰው ሆኖ ነው። ያኔ እኛም አብረን ስቀናል። በማን እንደ ሳቅን ያስተዋልነው ካደግን በኋላ ነው።

በአፋን ኦሮሞ ፊልም መሠራት መጀመሩ ደስ አሰኝቶን ነበር። ይሁንና ካየናቸው አብዛኞቹ ያንኑ ሶፋና ያንኑ መኪና ይዘው ቋንቋውን ብቻ የለወጡ ናቸው። ይህን ስንል ወገኖቻችንን ለመንቀፍ አይደለም፤ ገንዘቡም ገበያውም ያለው ሳሎኑ ዘንድ ስለ ሆነ ነው።

የውጭው ካሜራ ግን እኛን አልረሳንም። እ.ኤ.አ. በ1974 ጄምስ ብሉና ዴቪድ ማክዱጋል ድንበር ማዶ በማርሳቢት አካባቢ «ኬንያ ቦራን» የሚባል ፊልም ሠሩ፤ በዚያው ዓመት ሮበርት ጋርድነር ስለ ሐመር ያዘጋጀው «ሪቨርስ ኦፍ ሳንድ» ወጣ። የመጀመሪያውን ዶርም ውስጥ በአንዲት ስልክ ላይ ተደራርበን አየነው። አንዱ ልጅ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ሌላው ከብት ይጠብቃል፣ አባቶች ተቀምጠው ስለ ልጆቻቸው ዕድል ይነጋገራሉ። ከግርጌ የሚጻፈው እንግሊዝኛ ሳይወጣ ነገሩ ቀድሞ የገባን በዕድሜያችን ያን ቀን ብቻ ነው። ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ ወጣ፤ ለምን እንደ ወጣ አልጠየቅነውም። ለቦረና አባት ንግግር ያን ያህል ጊዜ ሰጥቶ ያዳመጠ የሀገራችንን ፊልም እስካሁን አላየንም።

እንግዲህ ባዕድ ሁሉ ጥሩ ነው ልንል አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉና የቦረና ከብት ሲያልቅ ካሜራ የያዙ ሰዎች በየመንገዱ ነበሩ። አንድ ጊዜ ከመጡት መካከል ጥቂቶቹ ወደ አንድ ኤላ ወርደው፣ ከእጅ ወደ እጅ ባልዲ ለሚያቀባብሉት ወጣቶች ብርሃኑ ስለ ተበላሸ ዘፈኑን እንደ ገና እንዲዘፍኑላቸው ለመኑ። የዚያን ሰዓት በገንዳው ዙሪያ አንድ ከብት አልነበረም። የኤላ ዘፈን የሚዘፈነው ለከብቱ ነው። ልጆቹም ለእንግዳ ክብር ሲሉ ዘፈኑ። አስተርጓሚ ሆኖ የመጣው የሀገራችን ሰው ይህን ነገር ለእንግዶቹ አልነገራቸውም፤ እኛን ያሳዘነን እርሱ ነው።

የፊልም ነገር ማን ቆርጦ ማን እንደሚቀጥለው ነው። ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረኃብ ያዘጋጀው ፊልም በ1966 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ሕዝብ ታየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ተቀጥሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ሥዕሉ የባዕድ፣ መቀሱ የሀገር ሰው ነበር።

የዚያ ዓመት ነገር የጀመረው ደግሞ የት ነው? በጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ ላይ አይደለምን? ወታደሮቹ የውሃ መሳቢያቸው ተበላሽቶ ከመኰንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ሲከለከሉ አመፁ፤ ከአዲስ አበባ የተላኩትንም ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው የራሳቸውን ምግብ አበሏቸው። ጉድጓድ፣ ጥም፣ ጄኔራል፣ የቆሸሸ ሳህን! ከዚህ የበለጠ የፊልም ድርሰት ማን ሊጽፍ ይችላል? ባየናቸው የሀገራችን ፊልሞች ውስጥ ግን ይህን አላገኘንም።

ብራዚሎች ይህን መንገድ ቀድመውናል። እ.ኤ.አ. በ1949 በሳኦ ፓውሎ ቬራ ክሩዝ የሚባል ኩባንያ ተቋቁሞ ከአውሮፓ ባለሙያዎችን አስመጣ፤ የሆሊዉድ ዓይነት ስቱዲዮ ይሆናል ተባለ። በ1953 «ኦ ካንጋሴይሮ» የተባለው የሽፍቶች ፊልሙ ካን ላይ ተሸለመ፤ ዳሩ ግን በዓለም የሚያከፋፍለው የአሜሪካው ኮሎምቢያ ስለ ነበር ትርፉ ወደዚያው ሄደ፤ ቬራ ክሩዝም በ1954 ከሰረ። በ1963 ኔልሰን ፔሬይራ ዶስ ሳንቶስ ወደ ሰሜን ምሥራቁ የድርቅ አገር ወርዶ «ቪዳስ ሴካስ»ን ሠራ። አንድ እረኛ፣ ሚስቱ፣ ሁለት ልጆቹና አንዲት ውሻ ከድርቅ ይሸሻሉ፤ በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ፀሐዩ እንዳይለዝብ ካሜራው ላይ ማጣሪያ አላደረጉም፤ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ያቃጥላል። ያንን ነጭ ሰማይ እናውቀዋለን። ኔልሰን ግን አሠራሩን የቀሰመው ከጣሊያኖች ፊልም ነው። የእኛም ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን የሠራው ካሊፎርኒያ ተምሮ ነው። ስለዚህ ከውጭ መማር ወንጀል አይደለም፤ ተምሮ ሲመለስ ካሜራውን የት እንደሚያቆም ነው ነገሩ።

የምንለምነው ብዙ አይደለም። የትያትር ጥበብ መምህራኖቻችን ለመመረቂያ የሚሠራ አንድ አጭር ፊልም እንኳ ከሳሎን ወጥቶ እንደ ነገሌ ባለ ከተማ እንዲሠራ ይፍቀዱ፤ የአውቶቡሱን እኛ እናዋጣለን፣ ማደሪያው የእናቶቻችን ቤት ነው። የተማሪዎች ማኅበርም በወር አንድ ማታ ፊልም ያሳየን፤ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን፣ «ቪዳስ ሴካስ»ን፣ «ኬንያ ቦራን»ን። አዳራሹ ቅዳሜ ማታ ባዶ ነው። እኅቶቻችንም ይመጣሉ። የሚተረጕም ሰው ይቸግራል የሚል ካለ አይጨነቅ፤ ከሶማልኛ ወደ አፋን ኦሮሞ፣ ከዚያም ወደ አማርኛ መመለሱን ከልጅነታችን ጀምሮ ለምደነዋል።