«ሴት ነርስ ትምጣልኝ» ማለት ነውር ነውን?

ዛሬ የምናነሳው ብዙዎቻችን ሆስፒታል ስንተኛ በሆዳችን ይዘነው የምንጨነቅበትን፣ ደፍረን ግን የማንናገረውን ጉዳይ ነው።

ሐኪሙ ጎብኝቶ ይሄዳል። መርፌ የሚወጋው፣ የሽንት ቱቦ የሚያስገባው፣ ቁስል የሚያጥበው ግን በአብዛኛው ነርስ ነው። በአገራችን ደግሞ ወንድ ነርሶችና ወንድ አዋላጆች ብዙ ናቸው። እናም አንዲት እህት «ሴት ብትሆንልኝ» ብላ ብትመኝ፣ አንድ አዛውንትም የሽንት ቱቦ በሴት ልጅ እጅ እንዳይገባላቸው ቢያፍሩ ሊገርመን አይገባም። ሐያእ የኢማን ክፍል ነው።

ሐያእ ግን ሕይወት ማጥፊያ መሆን የለበትም። በ2016 (እ.ኤ.አ) በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከጥናቱ በፊት በነበሩት 5 ዓመታት በኢትዮጵያ ከተወለዱ 100 ሕፃናት በጤና ተቋም የተወለዱት 26ቱ ብቻ ነበሩ። በ2019ኙ ጥናት ቁጥሩ 48 ደርሷል። እናቶች ቤት የሚወልዱበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ርቀት አለ፣ ገንዘብ አለ፣ ልማድም አለ። ከነዚህ መካከል «ወንድ ያየኛል» የሚለው ፍርሃት እንዳለበት ግን ከየቤታችን የተሰወረ አይደለም።

ሸሪዓችን ምን ይላል?

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በነበሩበት ዘመን ሴቶች ቁስለኞችን ያክሙ ነበር። በኸንደቅ ዘመቻ በቀስት የቆሰለው ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ (ረ.ዐ) የታከመው በሩፈይዳ ድንኳን እንደነበር የሲራ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ሩበይዕ ቢንት ሙዐዊዝም (ረ.ዐ) በዘመቻ ላይ ውሃ ያጠጡና ቁስለኞችን ያክሙ እንደነበር ተናግራለች፤ ዘገባው በቡኻሪ ውስጥ ይገኛል።

ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚም በ1993 (እ.ኤ.አ) ብሩናይ ላይ ባደረገው ስብሰባ ለሴት ታካሚ ቅደም ተከተል አስቀምጧል። በመጀመሪያ ሙስሊም ሴት ሐኪም፣ ካልተገኘች ሙስሊም ያልሆነች ታማኝ ሴት፣ ቀጥሎ ሙስሊም ወንድ፣ እርሱም ካልተገኘ ሙስሊም ያልሆነ ወንድ። ወንድ ሲያክማት የሚገለጠው ለሕክምናው በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ሆኖ፣ መሕረሟ፣ ባሏ ወይም ታማኝ ሴት በቦታው ትገኝ ዘንድ አሳስቧል። ውሳኔው ስለ ሐኪም ቢሆንም ለነርስም የሚያገለግል መንገድ ነው። ልብ ይበሉ፤ ቅደም ተከተሉ ምርጫን ያከብራል፣ በሩን ግን አይዘጋም።

እርስዎ ምን ያድርጉ?

ጥያቄዎን አልጋ እንደያዙ በጊዜ ያቅርቡ፤ ልብስ ሲገለጥ መጨቃጨቅ ለማንም አይበጅም። «ከተቻለ ሴት ነርስ እፈልጋለሁ» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ መብትዎ ነው። የምትወልድ ከሆነ በእርግዝና ክትትል ወቅት ሌሊት ሴት አዋላጅ መኖሯን አስቀድማ ትጠይቅ። ተረኛው ወንድ ብቻ ከሆነ መጋረጃ እንዲጋረድ፣ ሰውነትዎ በአንሶላ እንዲሸፈንና የሚያምኑት ሰው አጠገብዎ እንዲቆም ይጠይቁ። መርፌውም እንደ መድኃኒቱ ዓይነት በመቀመጫ ፈንታ በክንድ ወይም በጭን ሊሰጥ ይችል እንደሆነ ይጠይቁ።

ድንገተኛ ሁኔታ ሲሆን ግን ምርጫ አይጠበቅም። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም እናትን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ራሱን የሳተ ሰው ነርስ እስኪቀየርለት አይቆይም። እዚህ ላይ ዶሩራ የሚባለው ሕግ ይሠራል፤ ነፍስን ማዳን ይቀድማል።

ባሎችም አንድ ነገር እንበላችሁ። የታመመችው እርሷ ናት። «ወንድ እንዳይነካት» ብላችሁ በር ላይ ከመቆማችሁ በፊት እርሷ ምን እንደምትፈልግ ጠይቋት። ስለ ሰውነቷ መጀመሪያ መናገር ያለባት ራሷ ናት። ወንዱን ነርስም አትዝለፉት፤ የመጣው ሊረዳ ነው።

የሆስፒታል ኃላፊዎችም ታካሚው ሲገባ ምርጫውን ጠይቀው ቢመዘግቡ፣ ተረኞችንም ሴትና ወንድ ቀላቅለው ቢመድቡ ብዙ ጭንቀት በትንሽ ወጪ ይቀላል። መጋረጃ የሌለው ክፍል ውስጥ ግን ሴት ነርስ ብትመደብም ክብር አይጠበቅም።

በመጨረሻም ራሳችንን እንጠይቅ። ሁላችንም ለሚስቶቻችን ሴት አዋላጅ እንፈልጋለን። ነገር ግን ስንቶቻችን ነን ልጃችን «ነርስ መሆን እፈልጋለሁ» ስትለን የሌሊት ተረኝነቱን ሰበብ አድርገን የምንከለክላት? የሌላው ሰው ልጅ ሌሊቱን ቆማ ሚስታችንን እንድታዋልድ እየፈለግን የእኛዋን ቤት ማስቀመጥ ፍትሕ አይደለም። የምንመኛት ነርስ ከሰማይ አትወርድም፤ ከየቤታችን ናት የምትወጣው።

አላህ (ሱ.ወ) ለሕሙማኖቻችን ሺፋውን፣ ለሚያስታምሙን ሁሉ መልካም ምንዳን ይስጥልን። አሚን።