ሁሉም የጦና ልጅ

በመስከረም ወር፣ ለመስቀል በዓል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከአዲስ አበባና ከሐዋሳ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወርደው ወጣት ሁሉ፣ ቀይና ቢጫው ከጥቁሩ ጋር የተሰናሰለውን ዱንጉዛ በትከሻው ጣል አድርጎ፣ ያገኘውን ዘመድ ስለ ወላይታ ዘመን መለወጫ «ዮዮ ጊፋታ» እያለ ሲመርቅና ሲመረቅ ማየት ለዓይን ደስታ፣ ለልብም ሙቀት የሚሰጥ ነገር መሆኑን የሚክድ የለም፤ እኔም አልክድም። ሆኖም ይህ በዘመናችን የተነሣው የቅርስ ፍቅር በአዳራሹም በሬዲዮኑም ያለ አንዳች ጠያቂ ሲወደስ ስለ ሰነበተ፣ ውዳሴውም ከብዛቱ የተነሣ ውዳሴ ከንቱ ወደ መሆን ስለ ተቃረበ፣ ነገሩን ከሥሩ መመርመር የተገባ መስሎ ታይቶኛል። የሚወደሰው አሳብ፣ ቅርስ ማለት ሰው ራሱን የሚያገኝበት፣ በከተማ ኑሮ የባዘነ ልቡናው የሚያርፍበት፣ «እኔ ማን ነኝ» ብሎ ለጠየቀው ጥያቄ መልስ የሚቀበልበት ማደሪያ ነው የሚል ነው። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፦ ራሱን ፍለጋ ወደ አበው የሚሄድ ሰው ከአበው መካከል የሚመርጠው ራሱን የሚያስከብርለትን ብቻ ስለሆነ፣ በመጨረሻ በእጁ የሚገባው የገዛ ምኞቱ እንጂ ቅርሱ አይደለም።

ማስረጃውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወላይታ ማላና ዶጋላ በተባሉ ሁለት ታላላቅ ክፍሎች የሚመደቡ፣ ቍጥራቸው ከመቶ የሚበልጥ ጎሳዎች ያሉት ሕዝብ ነው፤ ከእነዚህም መካከል ዙፋን የያዙት ቤቶች፣ በቃል ሲወርድ ሲዋረድ እንደ መጣው ታሪክ፣ የወላይታ ማላና ከእርሱ በኋላ የተነሣው የትግሬ ሥርወ መንግሥት ናቸው። የቀረው ሕዝብ አራሽ ነበረ፤ ጦረኛ ነበረ፤ ከብት አርቢ ነበረ፤ ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ቆዳ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ ነበረ፤ በጦርነት ተማርኮ በሰው ደጅ በባርነት ያደረም ነበረበት። ዛሬ በጊፋታ ሰሞን በሶዶ አደባባይ ቆሞ የመጣውን ሁሉ ዘርህ ወዴት ይመዘዛል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ግን የሚሰማው መልስ አንድ ነው፤ ሁሉም የንጉሡ የጦና ልጅ ነው። የሸክላ ሠሪይቱ ልጅ የት እንደ ገባ የሚናገር አይገኝም።

ይህን የምለው ንጉሡን ለማቃለል አይደለም። ካዎ ጦና ጋጋ በ1887 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክን እጅግ ብዙ ሠራዊት ገጥሞ፣ ቈስሎ እስኪማረክ ድረስ ስለ አገሩ የተዋጋ ንጉሥ ነው፤ በዘመቻው አብሮ የነበረው ፈረንሳዊው ቫንደርሃይምም በዐይኑ ያየውን የዚያን ጦርነት ዕልቂትና ምርኮ በመጽሐፍ አስፍሮ ለትውልድ አስቀርቶታል። ስለዚህ ስሙ በክብር ቢጠራ የሚገባው ነው። «የጦና ንቦች» የሚባሉት የወላይታ ድቻ እግር ኳስ ክለብ ተጫዋቾች በ2010 ዓ.ም. ያን የገነነውን የግብፅ ዛማሌክ ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ በፍጹም ቅጣት ምት ባሰናበቱት ጊዜ፣ የኳስን ነገር እምብዛም የማላውቀው እኔ እንኳ እንደ ማንኛውም ሰው ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ጦና ብቻውን አልተዋጋም፤ ጦረኞቹ የወረወሩት ጦር ከቀጥቃጭ እሳት የወጣ፣ ለስንቅ የተሰነቀው ቆጮም በሴቶች ክንድ የተፋቀ ነበረ። የዛሬው አድናቂ ንጉሡን ወስዶ ቀጥቃጩን የተወበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ ከንጉሥ መወለድ ያኰራል፤ ከቀጥቃጭ መወለድ ግን ዛሬም ያሳፍራል።

ከአረካ አልፎ ወደ ቦምቤ የወረደ ሰው፣ ገበያ በሚቆምበት ቀን፣ ከእህሉም ከቅቤውም ተራ ርቀው፣ ከገበያው ዳር መሬት ላይ ድስትና ጀበና ደርድረው የተቀመጡትን ሴቶች ያያል። እነዚህ ጭናሻ ተብለው የሚጠሩት የሸክላ ሠሪ ወገኖች ናቸው። ከእነርሱ አንዲቱ ለገበያ ያወጣችውን ድስት ለመሥራት አስቀድማ አፈሩን ከተቈፈረበት ተሸክማ አምጥታለች፤ በውኃ አርሳ ረግጣዋለች፤ ያለ አንዳች መንኰራኵር፣ ጭቃውን እየጠቀለለችና እየደረበች፣ በጣቷና በመዳፏ ብቻ ግድግዳውን አቁማለች፤ በለስላሳ ድንጋይ አሽታዋለች፤ ከደረቀም በኋላ በሜዳ ላይ ማገዶ ከምራበት አቃጥላዋለች፤ በእሳቱ ውስጥ የተሰነጠቀው የስንት ቀን ድካሟን ይዞባት ቀርቷል፤ የተረፈውን ደግሞ በገለባ ለብዳ፣ በገመድ አስራ፣ በጀርባዋ አዝላ ዳገቱን ወጥታለች። ገዢው መጥቶ ድስቱን በጣቱ ቋ ቋ አድርጎ ይመታዋል፤ ድምፁ ጥርት ያለ ከሆነ ስንጥቅ የለበትም ማለት ነውና፣ ካዳመጠ በኋላ በጥቂት ብሮች ይከራከራታል፤ ከፍሎም ይሄዳል። በዚያው ድስት የጊፋታው ምግብ ይበስልበታል፤ ከጀበናውም ቡና ይቀዳል፤ እንግዳም «ይህ ነው የአባቶቻችን ባህል» ተብሎ ይስተናገድበታል። ድስቱን ወደ ቤቱ ያስገባው ሰው ግን ቀድሞ ሠሪይቱን ወደ ቤቱ አያስገባም ነበር፤ አብሯት አይበላም፤ ሙታኗንም ከሙታኑ ጋር አይቀብርም ነበር። ዛሬ ልጆቻቸው በአንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ፤ በአንድ ጸሎት ቤትም ይዘምራሉ፤ የጋብቻ ነገር የተነሣ ዕለት ግን ያ ሁሉ መዝሙር ጸጥ ይላል፤ ዘመዱም ተሰብስቦ አጥንት መቍጠር ይጀምራል።

ይህ ነውር የወላይታ ብቻ እንዳይመስል ልናገር። በሰሜንም ቢሆን ማረሻውን የሠራለትን ባለእጅ ቡዳ እያለ የሸሸ፣ መስቀሉን የቀረጸለትን አንጥረኛ ከቁብ ያልቈጠረ ስንት ምእመን ነበር! የሚደንቀው ግን፣ ጦናን ያሸነፉት ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ሠራተኛውን በጥበበ እዱ ምክንያት የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ በአዋጅ አስነግረው ነበር። የንጉሡ አዋጅ ያላወጣው ንቀት፣ የዛሬው የቅርስ ፍቅር እንኳ ሊያወጣው አልተሰለፈም፤ እንዲያውም ንቀቱ የሚሸፍነው ልብስ አግኝቷል።

በባሕር ማዶም የዚህ ነገር አምሳል አለ። ዛሬ በዓለሙ ሁሉ አይርላንዱንና የስኮትላንድ ደጋ ሰውን፣ ዌልሱንም፣ በጠቅላላው ኬልት የሚባሉትን ሕዝቦች የሚያፈቅር፣ በገናቸውን የሚያዳምጥ፣ ጥለታቸውን የሚለብስ ሰው ስፍር ቍጥር የለውም። ይህ ፍቅር ግን ምን ጊዜ እንደ ተነሣ ማስተዋል ይገባል። የስኮትላንድ ደገኞች በ1746 እ.ኤ.አ. በኩሎደን ሜዳ ድል በሆኑ ጊዜ፣ የእንግሊዝ መንግሥት የአገር ልብሳቸውን እንዳይለብሱ በሕግ ከለከላቸው፤ ክልከላው የተነሣው ገና በ1782 እ.ኤ.አ. ነው። በ1822 እ.ኤ.አ. ደግሞ ደራሲው ዋልተር ስኮት ባሰናዳው ታላቅ ትርኢት፣ የከልካዮቹ ወራሽ የሆነው ንጉሥ ጊዮርጊስ 4ኛ ራሱ ያንኑ ልብስ ለብሶ በኤዲንብራ ታየ፤ መኳንንቱም እየተሽቀዳደሙ የየነገዳቸውን ጥለት ማሠራት ጀመሩ። በዚያው ዘመን በሰዘርላንድ ምድር የሚኖሩት እውነተኞቹ ደገኞች ለበግ ግጦሽ ሲባል ከጎጆአቸው እየተነቀሉ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ባዕድ አገር ይሰደዱ ነበር። ልብሱ የተወደደው ለባሹ ኃይሉን ካጣ በኋላ ነው፤ ሲወደድም ለባሹን ሊያድነው አልቻለም። በአይርላንድም በ2022 እ.ኤ.አ. በተደረገው ቈጠራ አይሪሽ መናገር እችላለሁ ያለው ሰው ከ1.8 ሚሊዮን ሲበልጥ፣ ከትምህርት ቤት ውጭ በየቀኑ የሚናገረው ግን 72 ሺህ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ልሳኑን የሚያከብረው ብዙ ነው፤ የሚደክምበት ጥቂት ነው።

ይህን ቍጥር ሳነብ ወዲያው የታሰበኝ የገዛ አገራችን ነገር ነው። በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ልሳን አደባልቆ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የታተመ የትምህርት መጽሐፍ ለልጆች እንዲሰጥ በታዘዘ ጊዜ፣ የሶዶ ተማሪና መምህር፣ ነጋዴና ገበሬ በአንድነት ተነሥቶ አይሆንም አለ። ሰው ሞተ፤ ሰው ታሰረ፤ መጽሐፉም ተመለሰ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። እንግዲህ ለልሳኑ ደሙን ያፈሰሰ ሕዝብ ልጅ፣ በአዲስ አበባ የጊፋታ ድግስ ላይ «ዮዮ ጊፋታ» ካለ በኋላ የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር በአባቱ ልሳን መጨረስ አቅቶት በአማርኛ ሲያያይዘው መስማት ምን ይባላል? በልጁ አልፈርድም፤ ያሳደገው ከተማ ነው። የምፈርደው፣ ልጁን «ዱንጉዛህን ልበስ እንጂ ሌላው አይቸግርህም፤ ቅርስ በልብ ነው» በሚሉት በእነዚያ የመድረክ ሰባክያን ላይ ነው። ልሳን በልብ ብቻ አይቀመጥም፤ በየዕለቱ በአፍ ካልተሠራበት ይጠፋል።

የእንሰቱም ነገር እንዲሁ ነው። ሴቲቱ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ የእንሰቱን ቅርፊት በእንጨት ሳንቃ ላይ አስደግፋ፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ እየፋቀች ውኃው በእጇ ላይ ሲንዠቀዠቅ የምትውልበትን ሥራ፣ የበዓሉ ትርኢት ለአንድ ደቂቃ ያሳየንና እናጨበጭባለን፤ አጠውልግ በሽታ የፈጀውን ጓሮዋን ግን የሚያነሣ የለም። የቦሎሶ ቦምቤ ገበሬ ልጁን የሚያስተምርበትና ግብሩን የሚከፍልበት ዝንጅብል ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በዚያው ዓይነት በሽታ ሲጠወልግበት፣ ስለ እርሱ ተብሎ የተዘጋጀ የዱንጉዛ ምሽት አላየሁም።

ለዚህ ትችት የሚሰጠውን መልስ አውቀዋለሁ፤ ፍሬ የሌለውም አይደለም። ወጣቱ በጨርቁ ይጀምር፤ ከጨርቁ ወደ ልሳኑ፣ ከልሳኑ ወደ ሥራው ቀስ በቀስ ይገባል፤ ትላንት የአባቶቹ ሥርዓት የሰይጣን ነው እየተባለ ከተሰደበበት ዘመን ወጥቶ ዛሬ በአደባባይ መልበሱ ራሱ ታላቅ ነገር ነው ይላሉ። እውነት አላቸው። በ1920 ዓ.ም. ሚስዮናውያን ወደ ሶዶ ከገቡ ወዲህ፣ የአሮጌውን ዘመን ሥርዓት ሁሉ ክፉውን ከደጉ ሳይለይ የጣለ ምእመን ብዙ ነበርና፣ የዚያ ምእመን የልጅ ልጅ ዛሬ ዱንጉዛ ለብሶ ወደ ጸሎት ቤት ሲገባ ማየት የቍስል መፈወስ ምልክት ነው። ነገር ግን በጨርቅ የጀመረ ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል የሚለውን ተስፋ፣ ከላይ ያየነው የአይርላንድ ነገር አይመሰክርለትም። ደጁ ላይ የሚያደንቅ ሰው ደጁ እስካስደሰተው ድረስ ለመግባት የሚያስገድደው የለም። ይልቁንም አድናቆቱ ራሱ ዕዳውን የከፈለ ያህል ያስመስለዋል፤ ጨርቁንም ዋጋ ሰጥቶ ስለ ገዛው፣ የሸመነው እጅ ስንት እንደ ተከፈለው፣ ወይም ጥለቱ በፋብሪካ ጨርቅ ላይ ታትሞ በርካሽ ሲሸጥ ሸማኔው ምን እንደሚሆን አይጠይቅም።

ጊፋታ ራሱ ሕግ ያለው በዓል ነው፤ ያ ሕግ ሳይነገር ዘፈኑ ብቻ መነገሩ ነው የሚያሳዝነኝ። ወንዶቹ ለእርዱ በሬ ገንዘብ፣ ሴቶቹ ቅቤ ዓመቱን ሙሉ በማኅበር ያጠራቅማሉ፤ በዓሉም ከመግባቱ አስቀድሞ የተጣላ ይታረቃል፤ ባለዕዳም ዕዳውን ይከፍላል፤ ቂምን ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት መሻገር ነውር ነው። አባቶች እንዲህ ያለ ሥርዓት ትተውልን ሳለ፣ ስለ ማንነት ለመናገር መድረክ ፍለጋ መድከም ለምን አስፈለገ? የዕርቁ ሸንጎ በተቀመጠበት ቀን፣ በቦምቤም ሆነ በሶዶ፣ ሽማግሌዎቹ በወንድማማች መካከል ያለውን የድንበር ጠብ ከፈቱ በኋላ፣ ከሁሉ የቈየውን ጠብ፣ ይኸውም በአራሹና በባለእጁ መካከል ያለውን፣ በስሙ ጠርተው ቢያነሡት፣ ጭናሻውንም ከሥጋው ቅርጫ እኩል ደርሶት አብሮ እንዲቀመጥ ቢያደርጉ፣ ማንም ሊቅ ሊቃወማቸው የሚችልበት መጽሐፍ የለም። ከዚያም በኋላ የጋብቻው ነገር ይከተላል። «የጦና ልጅ ነኝ» የሚለው የከተማ ሰው፣ ዱንጉዛውን እንደ ለበሰ፣ ሽማግሌ አስከትሎ ወደ ሸክላ ሠሪው ደጅ ለልጁ ሚስት ሊለምን ሲሄድ፣ ዘመዶቹም በአደባባይ አብረውት ሲቆሙ ማየት እፈልጋለሁ፤ ያን ዕለት ስለ ቅርስ የሚለውን ሁሉ ተቀምጬ እሰማዋለሁ።