ያልተፈጸመው ተስፋ የማን ነበር?

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ተረት ብዙ ጊዜ የሚነገረው ልጁን ለመውቀስ ነው። ነገር ግን ዱቄቱንና ቡሃቃውን ለልጁ ሰጥቶ፣ እንግዳ ጠርቶ፣ ሰዓቱ ሲደርስ መሶቡ ባዶ ሆኖ ቢያገኘው በልጁ ላይ የሚቆጣ አባወራ ቢኖር ወቀሳው ለማን ይገባል? ዛሬ ይህን ጥያቄ ያስነሣኝ በአሜሪካ አገር በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳሉ ስማቸው ገንኖ፣ በኋላ ግን የተባለላቸውን ያህል ሳይሆኑ የቀሩት የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ታሪክ ነው።

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንመልከት። በአሜሪካ በየዓመቱ ከ500,000 በላይ ወንዶች ልጆች ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታቸው የቅርጫት ኳስ ይጫወታሉ። ኤን ቢ ኤ የተባለው የባለሙያዎች ማኅበር ደግሞ 30 ቡድኖች ሲኖሩት፣ እያንዳንዱ ቡድን በመደበኛ ውል የሚይዘው 15 ተጫዋች ነው። እንግዲህ ወንበሩ 450 ነው ማለት ነው፤ እርሱም ቢሆን በየዓመቱ የሚለቀቅ አይደለም። ቡድኖቹ አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት፣ ድራፍት በሚባለው ሥነ ሥርዓት ስማቸው የሚጠራው ቢበዛ 60 ናቸው፤ ከነዚህም ውስጥ ከውጭ አገር የሚመጡ አሉ። ይህን ቁጥር ማንም ተማሪ አካፍሎ ሊደርስበት ይችላል። ይሁን እንጂ ገና ጢም ያላበቀለውን ልጅ «ወንበሩ ያንተ ነው» የሚለው ሰው በየክረምቱ አይታጣም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. ኬቪን ጋርኔት ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ በአምስተኛነት ተመረጠ። እንዲህ ያለው ነገር ለ20 ዓመት ያህል አልታየም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ኮቢ ብራያንት፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ሌብሮን ጄምስ በዚያው መንገድ ገቡ። ሦስቱም በሙያቸው ወደር የሌላቸው ሰዎች ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ወንዙን የተሻገሩትን ብቻ ያይ ጀመር፤ ውሃ የወሰዳቸውን ግን የቆጠረ አልነበረም።

ውሃ ከወሰዳቸው አንዱ በብሩክሊን ያደገው ሌኒ ኩክ ነው። ኩክ በ2001 ዓ.ም. በአገሩ ከነበሩት የሁለተኛ ደረጃ ተጫዋቾች ሁሉ ይበልጣሉ ከሚባሉት አንዱ ነበር። በዚያ ዓመት አንድ የስፖርት ጫማ ፋብሪካ በኒው ጀርሲ ባዘጋጀው የክረምት ማሠልጠኛ ከአንድ የ16 ዓመት ልጅ ጋር ተጋጠመ። ልጁ ሌብሮን ጄምስ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሌብሮን ከሩቅ የወረወራት ኳስ ገባችና የኩክ ቡድን 85 ለ83 ተሸነፈ። ከዚያች ቀን በኋላ የተመልካቹ ዓይን ወደ ሌላው ዞረ። ኩክ በ2002 ዓ.ም. ለድራፍት ስሙን አስመዘገበ፤ ሁለቱም ዙር ተጠርቶ ሲያበቃ ግን ስሙ አልተጠራም። አስቀድሞ ወኪል ይዞ ስለ ነበር፣ በጊዜው በነበረው ደንብ መሠረት ለዩኒቨርሲቲ ቡድን ለመጫወት አይፈቀድለትም ነበር። በትንንሽ ማኅበራትና በፊሊፒንስ ጭምር ተጫወተ እንጂ በኤን ቢ ኤ አንዲት ጨዋታ እንኳ አልተሰለፈም።

ሌላም ምሳሌ አለ። በ1998 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሳይገቡ ለድራፍት ከቀረቡት ልጆች ሁለቱን እንመልከት። ራሻርድ ሉዊስ በ32ኛነት፣ ኮርሊዮን ያንግ በ40ኛነት ተመረጡ። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ስምንት ስም ብቻ ነው። ሁለቱም በሁለተኛው ዙር የተመረጡ ስለ ሆኑ፣ በመጀመሪያው ዙር እንደ ተመረጡት ዋስትና ያለው ውል አልነበራቸውም። ሉዊስ ከ15 ዓመት በላይ ተጫውቶ፣ ሁለት ጊዜ በከዋክብት ቡድን ተመርጦ፣ በ2013 ዓ.ም. ዋንጫ አገኘ። ያንግ ግን በኤን ቢ ኤ የተጫወተው በጠቅላላው ሦስት ጨዋታ ነው። በዚያ ምሽት ከነበሩት አዋቂዎች መካከል የሁለቱን ዕጣ ለይቶ ሊናገር የሚችል አልነበረም። ታዲያ ሊቃውንቱ ሊያውቁት ያልቻሉትን ነገር የ18 ዓመት ልጅ አስቀድሞ ባለማወቁ እንዴት ይወቀሳል?

በእኔ አስተያየት ስሕተቱ የሚጀምረው ከአነጋገራችን ነው። «እገሌ ተስፋውን ሳይፈጽም ቀረ» ስንል፣ ልጁ ቃል ገብቶ ያፈረሰ ይመስላል። ግን ቃሉን የሰጠው ማን ነው? ልጁ ያደረገው ነገር ቢኖር ኳስ መጫወት ነው። ደረጃ ሰጥተው በመጽሔት ያወጡት፣ ለማሠልጠኛው ገንዘብ ያወጡት፣ ጫማ ያለበሱት፣ ወኪል ሆነው ያስፈረሙት ሁሉ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። በልጁ ስም ተበደሩ፤ ዕዳው ሲመጣ ግን እርሱ ብቻውን ከፈለ። የጫማው ፋብሪካ አንድ ልጅ ቢወድቅበት በሚቀጥለው ክረምት ሌላ ያገኛል። ልጁ ግን ሌላ 18 ዓመት አያገኝም።

«ልጆቹስ ጥፋት የለባቸውም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አለባቸው እንጂ። ምስጋና የሰከረ ልጅ ልምምድ ይንቃል፤ ትምህርቱን ቸል ይላል፤ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው ይደርስበታል። ኩክ ራሱ የሚገባውን ያህል አለመድከሙን በኋላ በአደባባይ ተናግሯል። ይህን ማለቱ ያስከብረዋል። ነገር ግን ከጎኑ ቆመው ያጨበጨቡት ሰዎች የየድርሻቸውን እንዲህ በግልጽ ሲናገሩ አልሰማንም።

ከዚህም ሌላ መስፈሪያችን ራሱ የተዛባ ነው። ከዶሚኒካን ሪፑብሊክ የመጣው ፌሊፔ ሎፔዝ በ1994 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው አንድ ጨዋታ እንኳ ሳይጫወት ሥዕሉ በታላቅ የስፖርት መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ። ከዚያም በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ሙሉ ተጫውቶ ከ1,900 በላይ ነጥብ አስቆጠረ፤ በኤን ቢ ኤም አራት የውድድር ዘመን አሳለፈ። ክዋሜ ብራውን በ2001 ዓ.ም. ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ በአንደኛነት የተመረጠ የመጀመሪያው ልጅ ሲሆን 12 የውድድር ዘመን ተጫውቷል። ሁለቱም «ያልተሳካላቸው» በሚለው መዝገብ ይጻፋሉ። ከግማሽ ሚሊዮን ልጆች መካከል ወጥቶ ከ450ዎቹ አንድ ሆኖ 12 ዓመት የቆየ ሰው ያልተሳካለት ከተባለ፣ የጎደለው ሰውዬው ሳይሆን ቁናው ነው።

ማኅበሩ ነገሩን ለማረም በ2005 ዓ.ም. ደንብ አወጣ። አንድ ተጫዋች ለድራፍት ለመቅረብ ድራፍቱ በሚካሄድበት ዓመት 19 ዓመት የሚሞላው እንዲሆን፣ አሜሪካዊ ከሆነም ሁለተኛ ደረጃ ከጨረሰ አንድ ዓመት ያለፈው እንዲሆን ተወሰነ። ሐሳቡ መልካም ይመስላል። ነገር ግን ብዙዎቹ ለአንድ ዓመት ብቻ ዩኒቨርሲቲውን እንደ እንግዳ ማረፊያ አድርገው ሄዱ። በ2021 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። በጉልበቱ ሌላው ሲከብርበት የኖረ ተማሪ የድርሻውን ማግኘቱ ፍትሕ ነው፤ እደግፈዋለሁ። ይሁንና የስም ገበያ ይበልጥ ወደ ልጅነት እየወረደ መምጣቱን መዘንጋት አይገባም።

መፍትሔው ልጅን አታመስግኑ ማለት አይደለም። ያልተመሰገነ ልጅም ይደርቃል። ነገር ግን ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው የመመለሻ በር ነው፤ አንድ ጊዜ ሞክሮ ያልሆነለት ልጅ ወደ ትምህርቱ የሚመለስበት መንገድ ሊዘጋበት አይገባም። ሁለተኛው፣ ያመሰገነ ሰው ከምስጋናው በኋላም እንዲገኝ ነው። ስሙ በተጠራበት ምሽት አዳራሹ ሙሉ ነው፤ ሳይጠራ በቀረበት ምሽት ግን ማን አብሮት ወደ ቤቱ ይሄዳል? የወዳጅና የነጋዴ ልዩነት የሚታወቀው በዚያን ጊዜ ነው።

ይህ ጉዳይ የኳስ ብቻ አይደለም። ይህን ገጽ ከምታነቡት መካከል በየትምህርት ቤታችሁ «የነገው ታላቅ ሰው» የተባላችሁ ትኖራላችሁ። እንዲህ ስትባሉ አመስግናችሁ ተቀበሉ፤ ግን የፈረማችሁበት ውል አድርጋችሁ አትቁጠሩት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ዕድሜን የሚመለከት ምክር ነው። በሥራ ላይ ያላችሁ ወጣቶች ደግሞ ነገ ደረጃ ሰጪዎቹ፣ መዳቢዎቹና አመስጋኞቹ እናንተ ናችሁ። ታናሻችሁን ከፍ ወዳለ ማማ ስታወጡት መሰላሉን አታንሡበት።