የግራፊክስ ካርድ ማቀዝቀዣና የጎንደር ደጋማ አየር

የመንግሥትን አገልግሎት በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ለመደገፍ በአገራችን የተጀመረው ጥረት ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ አስቆጥሯል። በ1990ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ የወረዳ ኔት መረብ ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል ተቋማት ጋር ማገናኘት መጀመሩ፣ በ2012 ዓ.ም ደግሞ የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ መጽደቁ ይታወሳል። ይሁንና የኮምፒዩተር ግዥ ሲታቀድ እምብዛም ትኩረት የማይሰጠው አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም መሣሪያው የሚሠራበት ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታ ነው። ለዚህ ግራፊክስ ካርድ ጥሩ ማሳያ ይሆናል።

ግራፊክስ ካርድ በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ የሚታየውን ምስል የሚያዘጋጅ ክፍል ነው። በአሁኑ ጊዜ ለካርታ ሥራ፣ ለሕንፃ ዲዛይን፣ ለሕክምና ምስል ንባብና ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ጭምር ያገለግላል። አቅሙ በጨመረ መጠን የሚወስደው ኃይልም አድጓል። ኒቪዲያ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ለገበያ ያቀረበው አርቲኤክስ 4090 እስከ 450 ዋት ይወስዳል። ይህ ኃይል ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት የሚለወጥ ሲሆን፣ ባለ 60 ዋት ሰባት አምፖሎች በአንድ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ቢበሩ ከሚሰጡት ሙቀት ይበልጣል።

ሙቀቱ የሚወገደው በደረጃ ነው። ከቺፑ የሚወጣው ሙቀት ቴርማል ፔስት በሚባለው ቅባት አማካይነት ወደ መዳብ ሰሌዳ፣ ከዚያም በሙቀት ማስተላለፊያ ቱቦዎች ወደ ስስ የአሉሚኒየም ክንፎች ይደርሳል። በመጨረሻም በማራገቢያ የሚገፋው አየር ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። ችግሩ የሚከሰተው በዚህ የመጨረሻ ደረጃ ላይ ነው።

ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2 ሺህ 130 ሜትር፣ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ የሆነችው ደባርቅ ደግሞ ወደ 2 ሺህ 850 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በጎንደር የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው በ20 በመቶ ገደማ፣ በደባርቅ በ25 በመቶ ገደማ ያንሳል። በመሆኑም ማራገቢያው በእኩል ፍጥነት ቢሽከረከርም ሙቀት የሚሸከመው አየር መጠኑ ያነሰ ይሆናል። የደጋው ብርድ ይህን ጉድለት በከፊል ያካክሳል፤ ሆኖም ቢሮው ተዘግቶ የሚውል ከሆነና በተለይም በመጋቢትና በሚያዝያ የከሰዓት ሙቀት ይህ ጥቅም ይጠፋል።

የአሜሪካ የሙቀትና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ለሰርቨር ክፍሎች ያወጣው መመሪያ ይህንኑ ያረጋግጣል። በባሕር ጠለል አካባቢ እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚፈቀድለት መሣሪያ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀነስበታል። በዚህ ስሌት ጣሪያው በጎንደር ወደ 31፣ በደባርቅ ወደ 28 ዲግሪ ተኩል ይወርዳል።

ቺፑ የሙቀት ጣሪያው ላይ ሲደርስ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። መሣሪያው ስለማይጠፋ ተጠቃሚው ምክንያቱን ሳያውቅ "ኮምፒዩተሩ ዘገየ" ይላል፤ አዲስ እንዲገዛም ይጠይቃል። የሕዝብ ገንዘብ የወጣበት አቅም ግን ሥራ ላይ ሳይውል ይቀራል። በበጋ የሚነሳው አቧራ ክንፎቹን ሲደፍን ችግሩ ይባባሳል።

ከዚህ አንጻር የሚወሰደው እርምጃ ከባድ ወጪ አይጠይቅም። በቅድሚያ ለደብዳቤና ለሒሳብ ሥራ የሚውል ኮምፒዩተር የተለየ ግራፊክስ ካርድ እንደማያስፈልገው መገንዘብ ይገባል። ለካርታና ለሕክምና ምስል በሚገዛው ላይ ደግሞ የቴክኒክ ፍላጎት መግለጫው የአገልግሎት ቦታውን ከፍታና የክፍሉን የሙቀት መጠን እንዲጠቅስ፣ አቅራቢውም በዚያ ከፍታ የሚሠራ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ማድረግ ይቻላል። ሳጥኑን ከግድግዳ አርቆ ማስቀመጥ፣ በበጋ ወራት አቧራውን ማጽዳትና ያረጀውን ቴርማል ፔስት መቀየርም የጥገና ዕቅድ አካል ሊሆን ይገባል።

በደጋ ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች እንደሚፈላና ሽምብራ ለመብሰል ጊዜ እንደሚወስድ የአካባቢው እናቶች ከልምድ ያውቁታል። የግዥና የዕቅድ ባለሙያዎችም ይህንኑ የተፈጥሮ ሕግ በጨረታ ሰነዳቸው ላይ ቢያሰፍሩት የሚባክነውን ሀብት ማዳን ይቻላል።