ቤቱን በሐራጅ ገዛን፤ ቅጣቱም አብሮ መጣ!

ሰሞኑን የፍቅር ደብዳቤ በዝቶብን ነበር። «ይወደኛል ወይስ አይወደኝም» የሚለውን ጥያቄ ለአንድ ሳምንት አሳርፈነው ዛሬ ስለ ቤት እናወራለን። ቤት ስል ደግሞ ቪላ እንዳይመስላችሁ። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ ጓሮው ላይ ማንጎ ያለበት ቤት ነው። (ፍቅርም አለበት፤ አትቸኩሉ።)

ደብዳቤው የመጣው ከቡለን ነው። ለማታውቋት፣ ቡለን በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ መተከል ዞን ውስጥ ያለች የወረዳ ከተማ ናት። ጸሐፊዋ ወጣት ናት። ደብዳቤዋን ጥቂት አሳጥሬ፣ ቃሏን ሳልነካ እነሆ፦

«ውድ አዘጋጅ፣ ስሜ ይቆይ። እኔና እጮኛዬ አምስት ዓመት አብረን ቆይተናል። እሱ አስተማሪ ነው፣ እኔ ልብስ እሰፋለሁ። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ባንክ በሐራጅ የሸጠውን አንድ ቤት በ640 ሺህ ብር ገዛን። እኔ ዕቁብ ወጣልኝ፣ እሱ ሞተር ሳይክሉን ሸጠ፣ የቀረውን ወንድሜ ከአዲስ አበባ ላከልን። ስም ለማዛወር ማዘጋጃ ቤት ስንሄድ ‹ይህ ቤት 38 ሺህ ብር ዕዳ አለበት፤ ካልከፈላችሁ ክሊራንስ የለም› አሉን። ‹እኛ አላጠፋንም› ብንል ‹ቤቱን ከነዕዳው ነው የገዛችሁት› ተባልን። ከዕዳው ውስጥ 18 ሺው ያለ ፈቃድ በተሠራ ቤት የተጣለ ቅጣት ነው። ያ ቤት ከፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር ያለው የቆርቆሮ ክፍል ነው።

«አሁን ልቤን የሚያቃጥለኝን ልንገራችሁ። የቤቱ ባለቤት የነበሩት እማማ እዚሁ ከተማ ይኖራሉ። ሸቀጥ ይነግዱ ነበር፤ ለገጠር ሰው በዱቤ ይሰጣሉ። በ2013 ያ ሁሉ ነገር ሲመጣ ደንበኞቻቸው ተበተኑ፣ ዱቤው ሳይመለስ ቀረ፣ የባንኩም ብድር ተቆለለ። ያቺን የቆርቆሮ ክፍል የሠሯት ያን ጊዜ ነው። ከገጠር ሸሽቶ የመጣ ሰው ያሳድሩባት ነበር። አክስቴ ከሦስት ልጆቿ ጋር ሁለት ወር አድራባታለች። አሁን እጮኛዬ ‹ቅጣቱን ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ ይክፈሉ፣ አለዚያ እከሳለሁ› ይላል። እኔ ደግሞ ገበያ ላይ ሳያቸው ዓይኔን መሬት ላይ እጥላለሁ። ቅጣቱ ሊቀነስ አይችልም ወይ? ሠርጋችን ከጾሙ በፊት ነበር የታሰበው፤ በዚህ ጉዳይ ስንጣላ ሦስት ሳምንት ሆነን።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ትምህርቴም አሥራ ሁለተኛን ከመጨረስ አላለፈም። ግን በዚህ ጉዳይ አዋጅ አገላብጫለሁ፣ ሰው ጠይቄአለሁ።

በመጀመሪያ ባንኩ ያለ ፍርድ ቤት እንዴት ይሸጣል ለሚለው። ድሮ አይችልም ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አበዳሪ መያዣውን በገዛ እጁ እንዳይወስድ፣ ከሕግ ሥርዓት ውጪም እንዳይሸጥ ከልክሎ ነበር። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97/1990 ግን ለባንኮች በሩን ከፈተላቸው። በውል ከተስማሙ ባንኩ ለተበዳሪው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ መሸጥና ስሙን ለገዢ ማዛወር ይችላል። ሥርዓቱን ጥሶ ቢሸጥ ለተበዳሪው ኪሣራ ኃላፊ ነው። ከሽያጩ ዕዳው ተከፍሎ የተረፈ ገንዘብ ካለ ደግሞ የባለቤቱ ነው፤ ይህንን ያዢልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ታዲያ ማዘጋጃ ቤቱ መሃል ምን ያስገባዋል? መሬቱ ነዋ! በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆነ፤ በዓመቱ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 80/1968 የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ደነገገ። መንግሥት ተለወጠ፣ ሕገ መንግሥት ተለወጠ፣ መሬቱ ግን ዛሬም የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ስለዚህ ባንክ የሸጠላችሁ ግድግዳውንና ጣሪያውን፣ ከቦታው የመጠቀም መብት ጋር ነው። ቦታውን የሚመዘግበውና ካርታውን የሚሰጠው ማዘጋጃ ቤት ስለሆነ የድሮውን ሒሳብ የሚያነሳው እናንተ ካርታውን ስትፈልጉ ነው። ብልህ ነው፤ አይፈረድበትም። ከዚያ ወዲያማ ማንን ይዞ ይጠይቃል?

እዚህ ላይ ሌሎቻችሁም ስሙ። የሐራጅ ማስታወቂያ ስታነቡ ዓይናችሁ ሁልጊዜ የሚያርፈው መነሻ ዋጋው ላይ ነው። የመነሻውን ሩብ በሲፒኦ ማስያዝ፣ ያሸነፈ በ15 ቀን አጠናቆ መክፈል፣ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ከታች በትንሽ ፊደል «ለመንግሥት የሚከፈለውን ግብርና ታክስ ገዢው ይከፍላል» የምትለዋን ግን ማን ያነባታል! አንብቧት። ከመጫረታችሁ በፊትም ማዘጋጃ ቤት ሂዳችሁ «ይህ ቤት ስንት ውዝፍ አለበት? የተመዘገበ የደንብ መተላለፍ አለው?» በሉ። የ2 በመቶውን የቴምብር ቀረጥ፣ የስም ማዛወሪያውንም ደምሩበት። ያን ጊዜ ርካሽ የመሰላችሁ ቤት ዋጋው ሌላ ይሆናል።

ወደ አንቺ ልመለስ። የሰጡሽን ወረቀት ዝርዝር ልከሽልኛል፤ ጎበዝ። 38 ሺህ ብር አንድ ዕዳ አይደለም፣ ሦስት ነው። 11,200 ብር የአምስት ዓመት የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ውዝፍ፤ 8,800 ብር በመዘግየቱ የተጣለ መቀጫ፤ 18,000 ብር ያለ ፈቃድ ለተሠራችው ክፍል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሦስቱን ጨፍልቆ «ቀንሱልኝ» ይላል፣ ሹሙም ጨፍልቆ «አይቻልም» ይለዋል።

ውዝፉን አትከራከሪበት። ኪራይ ኪራይ ነው። እንዲያውም መጀመሪያ እሱን ክፈሉና ደረሰኙን ያዙ። «ዋናውን ከፍለናል፤ የምንጠይቀው ስለ ቅጣቱ ብቻ ነው» የሚል ሰው በየትም መሥሪያ ቤት ጆሮ ያገኛል።

የመዘግየት መቀጫው ላይ ግን ምክንያት አላችሁ፣ ያውም ጠንካራ። ከ2013 ጀምሮ ነው የተቆጠረው። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ የሆነውን አገር ሁሉ ሰምቷል፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ከ100 በላይ ሰው መገደሉን ተናግሯል። ከመተከል የሸሸው ሕዝብ ቻግኒን ሞላ፣ ቡለን ከተማም የተፈናቃይ መጠጊያ ሆነች። በዚያን ጊዜ የቦታ ኪራይ በወቅቱ ያልከፈለን ሰው በመደበኛ ጊዜ ቸል ካለ ሰው ጋር እኩል መቅጣት ፍርድ አይመስለኝም። ከቀበሌው ስለ ሁኔታው የሚገልጽ ደብዳቤ አውጡ፤ ደብዳቤው ግን ስለ እናንተ ሳይሆን ስለ እማማ መሆን አለበት። ለዚህ ደግሞ እሳቸው ያስፈልጓችኋል።

የ18 ሺውስ? እስቲ ባሕር ማዶ ልውሰድሽ። በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት ሕግ፣ ግቢውን ያላጸዳ ወይም ያለ ፈቃድ የሠራ ባለቤት በቀን እስከ 250 ዶላር፣ ከደገመው እስከ 500 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። በቀን! በ2008 እንደ ፈረንጆች የቤት ብድር ቀውስ ሲመጣ ባለቤቱ ቤቱን ጥሎ ሄደ፣ ሣሩ አደገ፣ ቅጣቱም በየቀኑ ሲቆጥር ከረመ። ቤቱን በኋላ የገዛው ሰው ከቤቱ ዋጋ ጋር የሚፎካከር ቅጣት ጠበቀው። መፍትሔው ምን ሆነ? ቅጣቱን የጣለው ቦርድ ራሱ መቀነስ ይችላል። ቦርዱ ቅጣት ሲወስን የሚያያቸው ሦስት ነገሮች አሉ፦ ጥፋቱ ምን ያህል ከባድ ነው? ጥፋቱን ለማረም ምን ተደረገ? ከዚህ በፊትስ አጥፍቷል ወይ? ገዢዎቹ መጀመሪያ ሣሩን አጨዱ፣ አጥሩን ጠገኑ፣ ከዚያ በኋላ ቆባቸውን አውልቀው ቦርዱ ፊት ቆሙ።

የእኛ አገር የፍሎሪዳ ቦርድ የለውም። አስተሳሰቡ ግን ቡለን ላይም ይሠራል። በጥፋቱ ክብደት ክፍሏ የተሠራችው ለኪራይ ትርፍ ሳይሆን ለተፈናቃይ መጠለያ ነው፤ ምስክሩ ሞልቷል፣ አክስትሽም አንዷ ናት። ቅጣቱ የተመዘገበው በሐምሌ 2016 ነው፣ እናንተ የገዛችሁት በግንቦት 2017። ማለትም ጥፋቱም ቅጣቱም ከእናንተ በፊት ነው፤ «ቅጣት የሚጣለው ባጠፋው ሰው ላይ እንጂ በግድግዳው ላይ አይደለም» ብላችሁ መከራከር ትችላላችሁ።

የሚቀረው ማረሙ ነው። እዚህ ላይ ግን እህቴ፣ አንድ ነገር ደብቀሽኛል መሰለኝ። በደብዳቤሽ ጫፍ ላይ «ክፍሏ ለስፌት ቤት ትመቻለች» ብለሽ ጽፈሻል። መንገድ ዳር ናት፣ ደንበኛ ይገባባታል፣ ገብቶኛል። ግን ክፍሏን ይዘሽ የክፍሏን ቅጣት አንሡልኝ ማለት አያምርም። የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ መጥቶ ይለካ። መንገዱን ወይም የጎረቤትን ይዞታ ከገፋች አፍርሷት፤ ቆርቆሮውና ቋሚው ለጓሮ ይሆናል። በይዞታችሁ ውስጥ ከሆነች ግን ፕላን አሠርታችሁ ፈቃድ ጠይቁባት። ከሁለት አንዱን ሳታደርጉ ማመልከቻ አትጻፉ።

ማመልከቻው አጭር ይሁን። እንዲህ ቢሆን ደስ ይለኛል፦ «ቤቱን ከባንክ በሐራጅ የገዛነው በግንቦት 2017 ዓ.ም. ነው። ውዝፉን በዚህ ደረሰኝ ከፍለናል። ያለ ፈቃድ የተሠራችውን ክፍል በዚህ ቀን አፍርሰናል፣ ፎቶግራፉ ተያይዟል። የመዘግየት መቀጫውና የግንባታው ቅጣት ከእኛ በፊት በነበረ ባለይዞታ ላይ፣ በአካባቢው ሰላም በጠፋበት ወቅት የመጣ ስለሆነ እንዲነሳልን፣ ይህ ካልሆነም እንዲቀነስልንና በየወሩ ከፍለን እንድንጨርስ እንጠይቃለን።» ሌላ ታሪክ አትጨምሩበት። መዝገብ ቤት ገቢ ይሁን፣ ቁጥርና ቀን ይጻፍበት፣ ቅጂውን ያዙ። «ነገ ና» ለሚል ሰው በቃል የተነገረ አቤቱታ እንዳልተነገረ ነው። መልሱንም በጽሑፍ ጠይቁ፤ «አይቻልም» የሚለው እንኳን በወረቀት ሲሆን ይዛችሁት ወደ ወረዳው፣ ከዚያም ግልገል በለስ ወደ ዞኑ ትወጣላችሁ። አሶሳ የመጨረሻው ይሁን፤ መሃል ላይ ዓባይ አለ፣ የመንገዱ ወጪ ከቅጣቱ ጋር ይስተካከላል።

ሁሉም ይነሳል ብዬ አልዋሽሽም። በእኔ ግምት 18 ሺው የሚቀነስበት ዕድል አለ፣ በመዘግየት መቀጫው ላይም ሰው ይሰማችኋል። ምንም ባይቀነስስ? የምትከፍሉት 38 ሺህ ነው፤ ከ640 ሺው አንጻር ስድስት በመቶ ገደማ። ያማል፣ ግን ቤት አያሳጣም። የስም ዝውውሩ ሲዘገይ ግን አደጋው ይበልጣል። ካርታው በሌላ ሰው ስም እያለ ዓመት ማደር የለበትም።

አሁን ወደ እጮኛሽ። ወንድሜ፣ ይህንን አብረሃት እያነበብክ ከሆነ፣ ንዴትህ ይገባኛል። ሞተር ሳይክልህን የሸጥክበት ገንዘብ ነው። ግን እማማን ከሰህ ምን ታገኛለህ? ቤታቸውን ያጣ ሰው በምን ይከፍልሃል? ፍርድ ብታገኝ እንኳ የምታስፈጽምበት ነገር የላቸውም። መጠየቅ ያለበት ባንኩ ነው። ሒሳቡን በጽሑፍ ጠይቁት፤ ዕዳው ተከፍሎ የተረፈ ገንዘብ ካለ፣ ገና ለእማማ ካልተከፈለ፣ ውዝፉ ከዚያ ላይ እንዲታሰብ እሳቸውንም አስማምቶ መነጋገር ይቻላል። ካልተረፈ በቃ፣ በዚያ በር አትመለሱበት። ደግሞ አስበው፦ የቀበሌውን ደብዳቤ ለማውጣት፣ ክፍሏ ለምን እንደተሠራች ለመመስከር ከእሳቸው የተሻለ ሰው የላችሁም። የምትከስሳቸው ሴትዮ የአንተ ዋና ምስክር ናቸው። ጠበቃ ባልሆንም ይህቺ ትታየኛለች።

እና እህቴ፣ ዓይንሽን መሬት ላይ የምትጥዪበት ምክንያት የለም። ቤቱን የወሰደባቸው ባንኩ ነው፤ አንቺ ባትገዢው ሌላ ይገዛው ነበር። ግን ሂጂ። ብቻሽን አይደለም፣ አክስትሽን ይዘሽ። ቡና ይፈላ። ገንዘብ እንደማትጠይቂ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ያለዚያ በሩን ስታንኳኪ ልባቸው ይሰነጠቃል። ከዚያ «እማማ፣ ቀበሌ አብረውን ይሂዱ» በያቸው።

ሠርጉን እናራዝመው ወይ ላልሽው፦ አታራዝሙት። ክሊራንሱ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ለሚዜ አይቸኩልም። ድግሱን ግን ቀንሱት። ሁለት በሬ ያላችሁትን አንድ አድርጉት፣ የተረፈው ለውዝፉ ይሁን። ለእማማም የጥሪ ወረቀት ላኩ፤ ቢመጡም ባይመጡም።