«የሞተር ዋስትና» የሚባለውን ወረቀት ለምን አንፈርምም



ሰሞኑን በምኒልክ አደባባይ ዙሪያ መኪና ላለው ሰው ሁሉ አንድ ወረቀት እየታደለ ነው። ባለ ሁለት ገጽ ሲሆን ከላይ በደማቁ «ያገለገለ መኪናዎ ሞተርና ካምቢዮ ቢበላሽ እኛ እናሠራለን» ይላል። የሚጠየቀው በዓመት 18,000 ብር ነው። ከአባሎቻችን መካከል የፈረሙ አሉ፤ ለመፈረም ብር የሚያፈላልጉም አሉ። ባለፈው ስብሰባችን ላይማ ማኅበሩ በጅምላ ይግባና ቅናሽ ይደረግልን የሚል ሐሳብ ቀርቦ ብዙ እጅ ወጥቶለታል። እኛ የዚህ ሰሌዳ አዘጋጆች ሐሳቡን እንቃወማለን። የምንቃወመውም ነገር ወደን ሳይሆን ወረቀቱን ከፊት እስከ ጀርባ ስላነበብነው ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር እንመን። እጃቸውን ያወጡት ሰዎች ሞኞች አይደሉም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ በእጃችን ያለችው አሮጌ ኮሮላ ወይም ቪትዝ ብትሞት ምትክ የላትም ማለት ነው። በዚያው በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሠፈሮች ሲፈርሱ ዘመድ ጎረቤቱ የትና የት ተበተነ፤ ለቅሶ ለመድረስም፣ ጊዮርጊስን ለመሳለምም መኪና የግድ የሆነበት ብዙ ነው። በዚህችው መኪና ታክሲ ሠርቶ ልጆች የሚያሳድገውንማ አንናገረውም። ስለዚህ «ሞተርህ ቢሞት እኔ አለሁልህ» የሚል ሰው ሲመጣ ልብ መራዱ አያስገርምም። ወረቀቱም የሚነግደው በዚህ ፍርሃት ነው።

አንዳንዶች «ኢንሹራንስ አለኝ፣ ይኸኛው ምን ይጨምርልኛል?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው ጥሩ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን በመኪናችን በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት እንጂ ለራሳችን ሞተር አይደለም። ሙሉ ሽፋን የሚባለውም ቢሆን ግጭትን፣ ቃጠሎን፣ ስርቆትን ነው የሚይዘው። በእርጅና ያለቀ ዕቃና እንዲሁ በራሱ ጊዜ የተበላሸ ሞተር በውሉ ውስጥ በግልጽ ተነጥለው የወጡ ናቸው። የመድን ድርጅቶች የማሽነሪ ብልሽት ዋስትና መስጠታቸው እውነት ነው፤ ያ ግን ለፋብሪካና ለትልልቅ መሣሪያዎች የሚሸጥ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ አንድ ክፍት ቦታ አግኝቷል። ክፍት ቦታ አለ ማለት ግን ወረቀቱ ቦታውን ሞልቶታል ማለት አይደለም።

አሁን ጀርባውን እናንብብ፤ ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ መነጽር ያላችሁ መነጽራችሁን አምጡ። ውሉ ከተፈረመ በኋላ የመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት አይቆጠሩም። ከእያንዳንዱ ጥገና የመጀመሪያው 10,000 ብር ከባለ መኪናው ኪስ ነው። በዓመት ከ60,000 ብር በላይ አይከፈልም። ፍሪሲዮን የለበትም፣ ፍሬን የለበትም፣ ባትሪ፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ማንኛውም ጎማ ነክ ዕቃ የለበትም። «ከሙቀት የተነሣ ጉዳት» የለበትም። በየ3,000 ኪሎ ሜትሩ እነሱ በሚያዙት ጋራዥ ዘይት ካልተቀየረ፣ ደረሰኙም ካልቀረበ ውሉ ፈራሽ ነው።

ሒሳቡን ለራሳችሁ ሥሩት። የከፈልነው 18,000 ብር እንኳ ተመልሶ እንዲመጣ ቢያንስ 28,000 ብር የሚያስወጣ ብልሽት መድረስ አለበት፤ ያውም ከዝርዝሩ ውጪ ያልሆነ ብልሽት። ትንሹ ብልሽት ከ10,000 በታች ነውና የራሳችን ነው። ትልቁ፣ ማለትም ሞተር ሙሉ በሙሉ ያለቀ እንደሆነ፣ እነሱ 60,000 ላይ ያቆማሉ፤ ቀሪው ዞሮ የራሳችን ነው። ያን ያህል ገንዘብ የምንከፍለው እንግዲህ መሐል ላይ ላለችው ጠባብ ቀዳዳ ነው ማለት ነው።

በወሬ ብቻ አይደለም የምንናገረው። ባለፈው ዓመት ከሠፈራችን አንድ አባት ይህን የመሰለ የዋስትና ወረቀት ተመርቆላቸው ያገለገለ ኮሮላ ገዝተው ነበር። በአራተኛው ወር ከለገሃር ተነሥተው ቸርችልን ሽቅብ ሲወጡ፣ ማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ሲደርሱ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተነሣ። የራዲያተሩ ጎማ ተሰንጥቆ ውኃው ፈሷል። ሞተሩ ግሎ ጓርኒሲዮኑ ተቃጠለ፣ ቴስታታውም ጎበጠ። ወረቀቱን ይዘው ሄዱ። «ጎማው ከዝርዝሩ ውጪ ነው» ተባሉ። «ይሁን፣ ጎማውን እኔ እገዛለሁ፤ ቴስታታውን ሥሩልኝ» አሉ። «ቴስታታው የተበላሸው ከሙቀት ነው፤ ሙቀት ደግሞ የሾፌር ጥፋት ነው» ተባሉ። እንግዲህ እዩት! አሮጌ ሞተር በአዲስ አበባ ዳገት ላይ ከሙቀት ሌላ በምን ይሞታል? እኚህ አባት ሁለት ወር ሙሉ ሲመላለሱ ከረሙና በመጨረሻ ሶማሌ ተራ ወርደው ያገለገለ ቴስታታ በገዛ ገንዘባቸው ገዝተው አሠሩ። ወረቀቱ እስከ ዛሬ መሳቢያቸው ውስጥ አለ።

ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን «እኛ ጋ እኮ ሁሉም ይገዛዋል» ይሉናል። አሜሪካን አገር እንዲህ ያለ ዋስትና በሰፊው መሸጡ ልክ ነው። ሆኖም እዚያ የመካኒኩ ሰዓት በራሱ ውድ ነው፤ የመድን ድርጅቶቹም በአብዛኛው የሚቀበሉት አዲስ ወይም ጥቂት የተነዳ መኪና ነው። እንዲያም ሆኖ ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የሸማቾች መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2013 አንባቢዎቹን ሲጠይቅ፣ የተራዘመ ዋስትና ከገዙት መካከል 55 በመቶው አንድም ጊዜ አልተጠቀሙበትም። እነሱ ዘንድ እንዲህ ከሆነ ሠላሳ ዓመት የነዳናትን መኪና ማን በትርፍ ይዋሳታል? የሚዋስ ከተገኘ ወይ ሒሳብ አያውቅም፣ ወይ ላለመክፈል አስቀድሞ አስቦበታል።

ሌላም ጥያቄ አለን። በአዋጅ ቁጥር 746/2004 መሠረት በአገራችን የመድን ሥራ መሥራት የሚችለው ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያገኘ ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ ስለ ፈቃድ የተጻፈ ነገር ፈልገን አጣን፤ ያለው ማኅተምና የስልክ ቁጥር ነው። ወረቀቱን ይዘው በየቤቱ የሚያንኳኩት የሠፈራችን ልጆች ናቸው፤ እነሱ ኮሚሽን ነው የሚያገኙት፤ በእነሱ ላይ ማንም ቂም እንዳይይዝ እንለምናለን። ጥያቄያችን ገንዘቡን ለሚሰበስበው ነው።

«ታዲያ ለምን እንደ እድር አናደርገውም? በየወሩ እናዋጣና መኪናው የተበላሸበትን እናሠራለት» ያሉም አሉ። እውነቱን ለመናገር ይህን እኛም አስበነው ነበር፤ ሁለት ምሽት ተጨቃጭቀንበታል። እድር የሚሠራው እድር ስላለ ብሎ የሚሞት ሰው ስለሌለ ነው። መኪና ግን ሌላ ነው። ዘይት መቀየር የሰለቸው፣ ሞተሩ ሊያልቅ አንድ ሐሙስ የቀረው ሁሉ ቀድሞ ይመዘገባል፤ መኪናውን ጠንቅቆ የሚይዘው ሰው ዓመት ሙሉ ለሌላው ከፍሎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጠብ ነው፤ ጠብ ደግሞ በዚህ ሠፈር አላጣንም።

ይልቅስ 18,000ውን ብር በየወሩ 1,500 እያደረጋችሁ በገዛ ስማችሁ ባንክ አስቀምጡት። በሦስት ዓመት 54,000 ብር ነው፤ መኪናው ባይበላሽ የእናንተ ነው፤ ቢበላሽም ፍሪሲዮንም ሆነ ባትሪ ብሎ የሚመርጥባችሁ የለም። አዲስ ገዢ የሆናችሁ ደግሞ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ሊብሬውን አመሳክሩ፤ የራሳችሁን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱና የሞተሩን ጉልበት አስለኩ፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሡትና ጭሱን እዩ። ቦሎ ተለጥፎበታል ብላችሁ አትዘናጉ፤ ቦሎ የዚያን ቀን ምርመራውን ማለፉን እንጂ የሚቀጥለውን ወር አይነግርም።

ውሉን ስታጽፉም «ባለበት ሁኔታ አይቼ ገዝቻለሁ» በምትለው ዓረፍተ ነገር ላይ ቆም በሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። ይህን ኃላፊነት በውል ማስቀረት ቢቻልም፣ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል የደበቀ ሻጭ ግን በዚያች ዓረፍተ ነገር አያመልጥም። ገዢውም ዕቃውን ሳይውል ሳያድር ማስመርመርና ጉድለት ካገኘ ወዲያው ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፤ ሦስት ወር ነድቶ ማጉረምረም አያዋጣም። ይኸ ዋስትና ቀድሞውኑ ያለን ነው፤ አረቦን አይከፈልበትም።

በጅምላ የመግባቱ ጉዳይ በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለውሳኔ ይቀርባል። የወረቀቱን ባለቤቶች ጠርተናል፤ ፈቃዳቸውንና እስከ ዛሬ ያሠሩላቸውን መኪኖች ደረሰኝ ይዘው እንዲመጡ ነግረናቸዋል። ቀድማችሁ የፈረማችሁ ሁሉ ውሉን ከነክፍያ ደረሰኙ ይዛችሁ ኑ፤ 60 ቀን ያልሞላችሁ በተለይ አትቅሩ፤ ገንዘባችሁን እንዲመልሱላችሁ በጋራ እንጠይቃለን።

የሰሌዳው አዘጋጆች