መርዶና ዜና



በዚህ ዓምድ ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃና ስለ ቤት ኪራይ የሚጻፉትን ደብዳቤዎች ዘወትር እከታተላለሁ። ዛሬ ግን እኔም የበኩሌን ይዤ ቀርቤአለሁና ጥቂት ቦታ እንዲሰጠኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጉዳዩ የወሬ አቅራቢዎቻችን ጥድፊያና የአርእስቶቻቸው ጩኸት ነው።

ለዚህ ያነሣሣኝ ነገር ባለፈው ዓመት በክፍሌ ውስጥ የደረሰ ነው። ከዕረፍት በኋላ 10ኛ ክፍል ገብቼ ሰሌዳውን ሳጠፋ ከኋላዬ ጩኸት ሰማሁ። ዞር ብል አንዲት ተማሪዬ ከመቀመጫዋ ወድቃለች። አባቷ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚመላለስ አውቶቡስ ላይ ረዳት ነው። በዕረፍት ሰዓት አንዲት ጓደኛዋ በስልክ ከሚሠራጩት የወሬ ገጾች በአንዱ ላይ በዚያ መንገድ አውቶቡስ መገልበጡን፣ «ተሳፋሪዎቹ በሙሉ አለቁ» የሚል አርእስትም እንደ ተጻፈበት አሳየቻት። እኛ ልጂቱን ውሃ እያጠጣን ስናባብል ወሬው ቀድሞ ከእናቲቱ ዘንድ ደርሶ ኖሮ፣ ወደ ቤቷ ስንሸኛት ጎረቤት ድንኳን ሊተክል ግቢውን ሲጠርግ አገኘን።

ወደ ማታ አባትየው ከሰው ስልክ ለምኖ ደወለ። አውቶቡሱ ከመንገድ ወጥቶ ተጋድሟል፤ ሦስት ሰዎች ቆስለዋል፤ የሞተ ግን አንድም የለም። በማግሥቱ ያንን ገጽ ብመለከተው አርእስቱ በዝምታ ተለውጧል። «ትናንት ተሳስተን ነበር» የሚል አንዲት ቃል እንኳ አልተጨመረበትም።

በአገራችን ልማድ መርዶ ሥርዓት አለው። ሰው ሞተ ሲባል መጀመሪያ ነገሩ ይጣራል፤ ከዚያም የቤተሰቡ ጠባይና ጤና የሚታወቃቸው ሽማግሌዎች ተመርጠው ገና ጎሕ ሲቀድ ይሄዳሉ። ነፍሰ ጡር ወይም የልብ ሕመምተኛ በቤቱ ካለ ዘዴ ይፈለጋል። በመንገድ ላይ ወይም በሥራ ቦታ መርዶ መንገር ነውር ነው። ያልተማሩ የምንላቸው አያቶቻችን ይህን ያህል ሲጠነቀቁ፣ በዩኒቨርሲቲ ተምሮ በጋዜጠኝነት ዲግሪ የያዘ ሰው የ16 ዓመት ልጅን በዕረፍት ሰዓት በአርእስት ያረዳታል።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ በሽታ አይደለም። ታኅሣሥ 24 ቀን 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 2006) በአሜሪካ በዌስት ቨርጂኒያ ክፍለ ሀገር ሳጎ በተባለ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ፍንዳታ ደርሶ 13 ሠራተኞች ከመሬት በታች ታገዱ። በማግሥቱ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ «12ቱ በሕይወት ተገኙ» የሚል ወሬ ወጣ። ቤተሰቦቹ በተሰበሰቡበት ቤተ ክርስቲያን ደወል ተደወለ፤ ሰው እየተቃቀፈ አለቀሰ። ከሦስት ሰዓት ያህል በኋላ እውነቱ ተነገራቸው፤ 12ቱ ሞተዋል፤ የተረፈው አንድ ብቻ ነው። ሲነጋ ግን በየከተማው የታተሙት ጋዜጦች ብዙዎቹ የ12ቱን መዳን በትልልቅ ፊደል ይዘው ወጡ። የስሕተቱ ምንጭ ጋዜጠኞቹ ብቻ አልነበሩም። የመተንፈሻ ጭንብል ያጠለቁት አዳኞች ከጉድጓድ ውስጥ በሬዲዮ የላኩት ቃል በቅብብሎሽ ሲያልፍ ተጣሞ ነው። ይሁን እንጂ «ማን አያቸው? ማን ቆጠራቸው?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መጠበቅ የጸሐፊው ፈንታ ነበረ።

መቸኮል ጥንትም ነበረ። በጥቅምት 1941 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኅዳር 1948) በአሜሪካ ምርጫ ጊዜ ቺካጎ ዴይሊ ትሪቢዩን የፊደል ለቃሚዎቹ አድማ ስላስቸገረው ከወትሮው ቀድሞ ማተም ግድ ሆነበትና፣ ቆጠራው ሳያልቅ ዲዊ ትሩማንን አሸነፈ ብሎ አወጣ። ያሸነፈው ትሩማን ነበረ። ጋዜጣውን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ እየሳቀ የተነሣው ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ መሳቂያ ነው። የእኛም ሰው የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላል፤ የፈሰሰ ወሬ ግን አይለቀምም።

ከዚህ ቀለል የሚሉ፣ ነገር ግን በየቀኑ የሚያቃጥሉኝ ስሕተቶችም አሉ። እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ከውጭ ወሬ የሚተረጉሙ ሰዎች የፈረንጅን ዓመተ ምሕረት ወደ እኛ ሲመልሱ ወሩን ሳይመለከቱ 8 ይቀንሳሉ። ከመስከረም መባቻ እስከ ፈረንጆች ዘመን መለወጫ ድረስ ግን ልዩነቱ 7 ነው። ጣልያን መረብን ተሻግሮ የወረረን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 1935 ሲሆን በእኛ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ከተማሪዎቼ አንዱ 1927 ብሎ ጻፈና ስሕተት ብለው፣ «ቲቸር፣ ከዜና ላይ ነው የገለበጥኩት» አለኝ። ምን ልመልስለት? የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የነፃ ትምህርት ዕድል ምዝገባ «በ5 ሰዓት ይዘጋል» የሚል ወሬ አንብቦ ረፋዱ ሲያልፍበት አዝኖ ተወው። 5 የተባለው በፈረንጅ አቈጣጠር ሆኖ፣ ለካ እስከ ማታ 11 ሰዓት ክፍት ኖሯል።

የደመወዝን ነገር ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። «ጭማሪ እየተጠና ነው» የተባለው ቃል ሲታተም «ደመወዝ ተጨመረ» ይሆናል። ጥናቱ ከመሥሪያ ቤት ሳይወጣ አከራዬ አርእስቱን በስልኳ ይዛ በሬን አንኳኳች። ያልተቀበልሁትን ብር ከየት አምጥቼ ልክፈላት?

ለጋዜጠኞቹም ፍርድ ልስጥ። ስሕተታቸው ሁሉ ከስንፍና የመጣ አይደለም። አንዱ ወዳጄ በዚሁ ሙያ ላይ ያለ ሲሆን፣ አንድ ቍጥር ለማረጋገጥ ወደ መሥሪያ ቤቶች ሲደውል «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ደብዳቤ ይዘህ ና» እየተባለ ሦስት ቀን እንደሚመላለስ አጫውቶኛል። እኛ ቢሮ ውስጥ የተቀመጥነው ሰዎች በሩን ዘግተን እውነቱን ስንደብቅ፣ እሱ በኮሪደር የሰማውን ቢጽፍ ከፊሉ ዕዳ የእኛ ነው። ይህን ስል የጋዜጣው አንባቢዎች ብዙዎቹ የቢሮ ሰዎች መሆናቸውን ሳልዘነጋ ነው።

በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንዲት መምህርት ነበሩን። በጽሕፈታችን ላይ ስሕተት ሲያገኙ አይቈጡም፤ ነገር ግን እርማቱን ስሕተቱ ባለበት ገጽ፣ በዚያው ፊደል መጠን ያስጽፉን ነበር። በጥግ በኩል በደቃቅ ፊደል መጻፍ ክልክል ነው። ያን ጊዜ ጭካኔ መስሎኝ ነበር። አሁን ለዜና ማሠራጫዎቻችን የምመኘው ይህንኑ ነው፤ በፊተኛው ገጽ የተሳሳተ በፊተኛው ገጽ ይታረም፤ በሬዲዮ በምሽት የተሳሳተም በዚያው ምሽት ሰዓት ያርም። የውጭ ዜና ሲተረጐም ሁለቱም ዘመን አቈጣጠር ይጻፍ፤ ሰዓትም ሲነገር ጧት ወይም ማታ ይባል። ስለ ሞት የሆነ እንደ ሆነ፣ ሬሳውን ያየ ሰው ሳይጠየቅ ቍጥር አይጻፍ። ለዚህም ገንዘብ አያስፈልግም፤ አንድ ነቃ ያለ አራሚና ግማሽ ሰዓት ትዕግሥት ይበቃል።

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያሉትን ቀኖች ከመላኬ በፊት ሁለት ጊዜ አስልቻቸዋለሁ። የተሳሳትሁት ካለ ግን በዚሁ ዓምድ፣ በዚሁ ፊደል መጠን እንዲታረምልኝ አዘጋጁን እለምናለሁ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ